በተጠቃሚውና በማሽኑ መካከል

(ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሥልጠና ክፍል፤ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ ዘነበወርቅ የታረመ የፈተና ወረቀታቸውን ይዘው፣ ላፕቶፑን ወደ ቦርሳው በሚከተው ወጣት የኮምፒውተር አሠልጣኝ በኢዮስያስ ፊት ቆመዋል።)

ዘነበወርቅ፦ ጥያቄ አንድ። «በተጠቃሚውና በማሽኑ መካከል ሆኖ የሚያገናኘው ማነው?» «እኔ» ብዬ ጽፌያለሁ። ዜሮ የሰጠኸኝ ለምንድን ነው?

ኢዮስያስ፦ መልሱ «ኦፐሬቲንግ ሲስተም» ስለሆነ ነዋ፣ እማማ። ሦስት ቀን ሙሉ ስደጋግመው ነበር።

ዘነበወርቅ፦ እማማ የምትላት ቤትህ ትኖራለች። እኔ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ነኝ።

ኢዮስያስ፦ እሺ፣ ወይዘሮ ዘነበወርቅ። እርስዎ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አይደሉም። ተግባባን? መኪናው ታች እየጠበቀኝ ነው።

ዘነበወርቅ፦ ይጠብቅሃ። የአምስት ቀን ሥልጠና በሦስት ቀን ጠቅልለህ ስትሮጥ፣ እኔ ሠላሳ ስምንት ይዤ ልቅር?

ኢዮስያስ፦ ለሌሎቹ በሦስት ቀን ገብቷቸዋል። በውጤት ዝርዝሩ ላይ ከአሥራ አራት ሰው የወደቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ዘነበወርቅ፦ ሃምሳ ያልሞላ ወደ ወረዳ እንደሚላክ ታውቃለህ? ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጥኩበትን ወንበር ለትናንት ቅጥር አስረክቤ፣ ሁለት መኪና ቀይሬ ቆላ ልወርድ ነው።

ኢዮስያስ፦ ምደባ የሰው ሀብት ክፍል ሥራ ነው። የእኔ ሥራ ወረቀት ማረም ነው።

ዘነበወርቅ፦ እንግዲያው አርም። ጥያቄ ሦስትን አንብብልኝ። ወይስ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አላስተማሩህም?

ኢዮስያስ፦ «ፕሮግራሞች የማሽኑን ክፍሎች በቀጥታ እንዳይነኩ ለምን ይከለከላሉ?» የእርስዎ መልስ፦ «ዳኛው ራሱ ገብቶ ከመደርደሪያ ላይ ፋይል ቢያነሳ፣ ነገ ፋይሉ የት እንዳለ የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ በመስኮቱ በኩል ቅጽ ሞልቶ ይጠይቅ።» ስለ ኮምፒውተር ብጠይቅዎት ስለ ዳኛ ይነግሩኛል።

ዘነበወርቅ፦ ፕሮግራሙ ይጠይቃል፣ ሲስተሙ መርምሮ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል፣ አምጥቶ የሚሰጠውም ሲስተሙ ነው አላልክም?

ኢዮስያስ፦ ብያለሁ።

ዘነበወርቅ፦ ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ኢዮስያስ፦ ኮምፒውተሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሚሊዮን ጊዜ ይህን ያደርጋል። እርስዎ አንድ ፋይል ለማውጣት ሳምንት ይፈጅብዎታል ይባላል።

ዘነበወርቅ፦ ማነው ያለህ?

ኢዮስያስ፦ ያላለኝ የለም።

ዘነበወርቅ፦ ሳምንት የሚጠብቀው ቅጹን አበላሽቶ የሞላ ነው። ደግሞም ይጠብቃል። ነጥቤን።

ኢዮስያስ፦ ይሁን፣ አራት። አርባ ሁለት ሆነ። አሁን ልሂድ?

ዘነበወርቅ፦ አምስትን።

ኢዮስያስ፦ «ሚሞሪ ሲሞላ ሲስተሙ ምን ያደርጋል?» «የዛሬ ቀጠሮ ያላቸው ፋይሎች ጠረጴዛዬ ላይ ይቆያሉ። ቀጠሯቸው የራቀው ወደ ጓዳው ክፍል ይሄዳሉ፤ ቀናቸው ሲደርስ አወጣቸዋለሁ።» እ... ይቺ ሐሳቧ አለችበት። አራት።

ዘነበወርቅ፦ አምስተኛዋ ነጥብ የት ሄደች?

ኢዮስያስ፦ መልሱ ውስጥ ኮምፒውተር የሚል ቃል ስለሌለ ቀነስኳት። አርባ ስድስት። ይልቅ ይህችን ይስሙ፣ ጥያቄ ሁለት፦ «ኮምፒውተሩ ሲከፈት መጀመሪያ ምን ይሆናል?» መልስ፦ «ጽዳቷ ትገባለች።» ይህንንም ትክክል ነው ሊሉኝ ነው?

ዘነበወርቅ፦ እሱን ተወው። እሱን ስጽፍ ተናድጄ ነበር።

ኢዮስያስ፦ ለጓደኞቼ ሳነበው ሆዳቸውን ይዘው ነው የሳቁት።

ዘነበወርቅ፦ ጓደኞችህ ምን እንደሚያስቃቸው ካየሁ፣ አንተን ማን እንዳሳደገህ ገባኝ። ስድስት።

ኢዮስያስ፦ «ሁለት ሥራዎች እርስ በርስ ተጠባብቀው ሁለቱም የሚቆሙት እንዴት ነው?» «የአንደኛው ችሎት ዳኛ ዋናውን መዝገብ ይዘው የኤግዚቢት መዝገቡ ይምጣልኝ አሉ። የሁለተኛው ችሎት ዳኛ የኤግዚቢት መዝገቡን ይዘው ዋናው ይምጣልኝ አሉ። ሁለቱም አልለቅም ብለው ተከሳሹ አሥራ አንድ ወር ማረሚያ ቤት ተቀመጠ።» ይህ እውነት ነው?

ዘነበወርቅ፦ ልብ ወለድ ጻፉ ብለኸን ነበር እንዴ?

ኢዮስያስ፦ በመጨረሻ ማን ለቀቀ?

ዘነበወርቅ፦ ማንም። አንደኛው ለምሳ ሲወጡ ገብቼ ከጠረጴዛቸው ላይ አነሳሁት።

ኢዮስያስ፦ ያለ ቅጽ?

ዘነበወርቅ፦ ከእኔ ለወጣ ፋይል እኔ ቅጽ አልሞላም።

ኢዮስያስ፦ ማንንም ሳይጠይቅ ቀምቶ ለሌላው የመስጠት ሥልጣን ያለው እኮ ሲስተሙ ብቻ ነው።

ዘነበወርቅ፦ ጥያቄ አንድን መልሰን እንየዋ?

ኢዮስያስ፦ አናየውም! ለዚህች ሦስት። አርባ ዘጠኝ። በቃ፣ አበቃሁ።

ዘነበወርቅ፦ አርባ ዘጠኝ።

ኢዮስያስ፦ አርባ ዘጠኝ።

ዘነበወርቅ፦ አንድ ነጥብ ቀርቶኝ ቆላ ልወርድ?

ኢዮስያስ፦ አንዷንማ ልሰጥዎት እችላለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ከፊት ወንበር ተቀምጠው በዓይንዎ ሲንቁኝ ነበር የከረሙት። «እባክህ» ይበሉኝና አንዷን ልጨምር።

ዘነበወርቅ፦ ጥያቄ ዘጠኝ ቀርቷል።

ኢዮስያስ፦ አንዲት ቃል ናት እኮ። አትገድልም።

ዘነበወርቅ፦ ዘጠኝን አንብብ።

ኢዮስያስ፦ ኤጭ! «እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ስምና ፓስወርድ የሚኖረው ለምንድን ነው?» «ማን ምን እንዳደረገ እንዲታወቅ ነው። እኛ ግን አሥራ አራታችንም የምንገባው በአሠልጣኙ ስምና ፓስወርድ ነው።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ማን ጠየቀዎት? ለዚህ ነው ዜሮ የሰጠሁት።

ዘነበወርቅ፦ ውሸት ነው?

ኢዮስያስ፦ ለአሥራ አራት ሰው ስም መክፈት፣ ለእያንዳንዱ ልክ ልኩን መፍቀድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለጊዜው በእኔ ይጠቀማሉ፤ በኋላ ይስተካከላል።

ዘነበወርቅ፦ በአንተ ስም የገባ ሰው ምን ምን መክፈት ይችላል?

ኢዮስያስ፦ ሁሉንም። አድሚኒስትሬተር ነኝ።

ዘነበወርቅ፦ የውጤት ዝርዝሩንም?

ኢዮስያስ፦ ...ከፍተውታል?

ዘነበወርቅ፦ ዛሬ ጠዋት። የፈተና ወረቀቶቹን መዝገብ ቤት ያስቀምጡ ብለህ የሰጠኸኝ አንተ ነህ፤ እኔ ደግሞ ሳላመሳክር የማስቀምጠው ነገር የለም። የግዥው አቶ ጌራወርቅ በወረቀቱ ላይ ሃያ ዘጠኝ ነው። ማሽኑ ውስጥ ሰባ ዘጠኝ ሆኗል።

ኢዮስያስ፦ ሊሆን አይችልም።

ዘነበወርቅ፦ የፋይናንሷም እንዲሁ። ከአርባ አንድ ወደ ሰማንያ አንድ። ጎበዝ ልጅ ናት፤ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የነካችው።

ኢዮስያስ፦ ዝርዝሩ እኮ ፈርሜበት ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ገብቷል!

ዘነበወርቅ፦ ገና አልገባም። ደብዳቤ ለፕሬዚዳንቱ የሚደርሰው በእኔ በኩል ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው፤ ከወረቀቶቹ ጋር አንድ ላይ አስሬዋለሁ።

ኢዮስያስ፦ ቆይ፣ ቆይ። ይህ እኮ ቀላል ነው። ሲስተሙ ፋይሉን ማን እንደነካው፣ በስንት ሰዓት እንደነካው ይመዘግባል። አሁኑኑ ከፍቼ አወጣቸዋለሁ፤ በገዛ ስማቸው ነው የማስይዛቸው።

ዘነበወርቅ፦ አትድከም። እንዴት እንደሚታይ በሁለተኛው ቀን አስተምረኸናል፤ አይቼ አትሜዋለሁ።

ኢዮስያስ፦ ታዲያ ቀየረው የሚለው ማንን ነው?

ዘነበወርቅ፦ ኢዮስያስን ነው። ቦርሳህን አስቀምጥና ቁጭ በል፤ ዘጠኝን እንደገና ታርምልኛለህ።