ፕሮጀክተሩ ፊት ስለተኛው ሰው

የምስክር ቃል

የምስክሩ ስም፦ ዳንስታን ካፓምፓ
ዕድሜ፦ 71
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ በመዳብ ማዕድኑ የጉድጓድ አሳንሰር ነጂ የነበረ
አድራሻ፦ ሙፉሊራ፣ ቡያንታንሺ ሰፈር፣ የቤት ቁጥር 212
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ ቡያንታንሺ ሰፈር ፖሊስ ጣቢያ
ቀንና ሰዓት፦ እሑድ፣ ጁን 9 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ 4፡40
ቃሉን የተቀበለችው፦ ሳጅን ናሲሌሌ ሙቢታ
ምስክሩ ከተጠርጣሪው ጋር ያለው ዝምድና፦ ከዚህ በታች ተብራርቷል

ቃሌን ለመስጠት የመጣሁት በራሴ እግር ነው። ትናንት ቅዳሜ በዚሁ ጉዳይ ለኮንስታብል ሲታሊ የሰጠሁት አጭር መልስ በመዝገብ ላይ ስላለና ያ መልስ ሰው ስላሳሰረ፣ እሱን ለማረም ጭምር ነው የመጣሁት።

እኔ እስከ 1978 ድረስ “ሰባተኛው ጉድጓድ” በሚባል የሮክ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበርኩ። አራት ነበርን። ዘፋኛችን ጎድዊን ሙታሌ በ1978 በመኪና አደጋ ሞተና ባንዱ ያኔ ቆመ። ሌሎቹ ሁለቱም በኋላ ሞተዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ። ከጎድዊን ቀብር ወዲህ ጊታር ነክቼ አላውቅም። ምክንያቱን ሳጅኗ ጠይቃኛለች። መጀመሪያ ኀዘን ነበር፤ ኋላ ላይ ደግሞ ኀፍረት ሆነ። ጣት ሲቆይ ይደርቃል።

ተጠርጣሪው ጆሳም ሾንጋ ዕድሜው 68 ሲሆን የማዕድን ባቡር ነጂ ነበር። ከ1972 ጀምሮ አውቀዋለሁ። የባንዳችን ደጋፊ ነበር። ትርዒት ባለን ቀን ሁሉ ድምፅ ማጉያውን ተሸክሞ ይመጣል፣ ተሸክሞ ይመልሳል። የቀጠረው ሰው የለም፤ እንዲተው የነገረውም የለም።

በ1975 በከተማው ስታዲየም ያሳየነውን ትርዒት አንድ የውጭ አገር ሰው በፊልም ቀርጾት ነበር። ሰውየው ፊልሙን ሳይጨርሰው ሞተ። የእህቱ ልጅ ወይዘሮ ኢንገር ሆልም የፊልሙን ጣሳዎች ዴንማርክ ውስጥ ከአንድ ምድር ቤት አግኝታ፣ ቆራርጣና ቀጥላ፣ አንድ ሰዓት ከሩብ የሚፈጅ ፊልም አድርጋው መጣች። ትናንት ከቀኑ 8፡30 ላይ በቡያንታንሺ የማዕድን ሠራተኞች አዳራሽ ታየ። ወደ ሦስት መቶ ሰው ነበር። እኔ ፊተኛው ረድፍ ተቀመጥኩ። ሾንጋ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር።

ፊልሙ እንደ ጀመረ ሕዝቡ መጮህ ጀመረ። የጮኸው በዘፈኑ አልነበረም፤ ራሱን ስላየ ነው። ዛሬ በዱላ የሚሄዱ ሰዎች እዚያ አፍሮ አበጥረው፣ ሶሉ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ አድርገው አቧራ ያስነሳሉ። ባና ቾላ የምትባል ልብስ ሰፊ ከመቀመጫዋ ተነስታ የጎድዊንን ቤል ቦተም ሱሪ በጣቷ እያሳየች “የኔ ስፌት ነው! የኔ ስፌት ነው!” አለች። ከኋላ አንድ ሰው “ጨርቁስ የማን ነው?” ሲላት “የሠራተኞች ምግብ ቤት መጋረጃ ነው፤ እነሱ ምን ያደርግላቸዋል፣ መስኮት ሱሪ አይለብስ!” ብላ መለሰች። ስለ መጋረጃው ሳጅኗ አልጠየቀችኝም። ነገሩ አርባ አራት ዓመት ሆኖታል፤ የምግብ ቤቱም ኃላፊ ትናንት አዳራሹ ውስጥ ሆኖ ሲስቅ አይቼዋለሁ።

በፊልሙ አጋማሽ ላይ ሾንጋ ከስታዲየሙ አጥር ውጭ ባለ ዛፍ ላይ፣ ደረቱ እንደ ተራቆተ ታየ። እኔ ወዲያው ዞሬ “ያውላችሁ! ንጎኒው አይጥ ሲያሳድድ ዛፍ ላይ ወጣ!” አልኩ። እሱም ከተቀመጠበት “የወጣሁት ምሳህን ልይዝልህ ነበር፤ ጦጣዋ አመለጠችኝ!” አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ወይዘሮ ሆልም ከጎኗ የተቀመጡትን መምህር ቺቱንዱን ምን እንደተባባልን ስትጠይቃቸው አየሁ። መምህሩ በሳቅ ስለ ታፈኑ በደንብ የነገሯት አይመስለኝም።

ከቀኑ 9፡40 ገደማ ፊልሙ የመጨረሻው ዘፈን ላይ ደረሰ። ዘፈኑ “ፈረቃው አልቋል” ይባላል። በዚያ ዘመን በዚህ ከተማ የማያውቀው ሰው አልነበረም። ጎድዊን ወደ ማይክሮፎኑ ሲጠጋ ዘፈኑ ገና ሳይጀምር ሕዝቡ አብሮት ለመዝፈን ተነሳ። ያን ጊዜ ማሳያው ላይ “የዚህ ዘፈን ድምፅ አልተገኘም” የሚል ጽሑፍ ወጣ። ጎድዊን አፉን ይከፍታል፣ ምንም አይወጣም። እኔም ከጎኑ ቆሜ ገመድ እመታለሁ፣ ምንም አይወጣም። አዳራሹ ውስጥ የሚሰማው የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ ብቻ ነበር። ሰዎቹ እንደ ቆሙ ቀሩ። እኔ ጫማዬን አይ ነበር።

ሾንጋ የተነሳው በዚህ ጊዜ ነው። መጥቶ ኮፍያዬን ከራሴ ላይ ወሰደና ራሱ ላይ አደረገው። የፕሮጀክተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀለ። ከዚያ ፕሮጀክተሩ ፊት ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ፣ ገመዱን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እጆቹን እንደ አስከሬን አጣመረ። “ማንም እንዳይነካኝ፤ ጉድጓዱ ተይዟል!” አለ። ቀጥሎም ወደ እኔ እያየ “አንተ ጦጣ በላ! ጓደኛህን ዲዳ አድርገህ ልትቀብረው ነው? ተነስ፣ ጊታር ፈልግና ተጫወት! አለዚያ ዛሬ አንተንም ከጎኑ እቀብርሃለሁ!” አለኝ። እነዚህን ቃላት በትክክል ተናግሯል። አልክድለትም።

ለመዝገቡ ግልጽ እንዲሆን፣ እኔ ቤምባ ነኝ፣ ሾንጋ ንጎኒ ነው። አያቶቻችን ተዋግተዋል። ውጊያው ሲያልቅ ልጆቻቸው የቀልድ ዘመዳሞች ሆኑ፤ በእኛ ቋንቋ ባኑንግዌ እንባላለን። እኛ እነሱን አይጥ በላ እንላቸዋለን፣ እነሱ እኛን ጦጣ በላ ይሉናል፤ የቀልድ ዘመድ ቢሰድብህ አትቀየምም፤ ዕቃህን ቢወስድ ሌባ አትለውም። ሰው ሲሞትብህ ደግሞ ይመጣል። አልቃሹን ያስቃል፤ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ የጠየቀው ካልተፈጸመለት አይነሳም፤ ሬሳውም አይወርድም። ጎድዊንም ቤምባ ነበር፤ ስለዚህ ይህ የሾንጋ ሥራ ነበር። ጎድዊን የተቀበረ ቀን ግን ሾንጋ እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ የተኛለት ዘመድ አልነበረም። ቀብሩ ያለ ሳቅ አለፈ። ሾንጋ ይህን አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያነሳብኝ ኖሯል፤ እግሩን የሰበርኩት እኔ ይመስል።

ስለዚህ ትናንት ወለሉ ላይ ሲተኛ ምን እያደረገ እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ሕዝቡም ገብቶታል፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ “ጣቴ ደርቋል” አልኩት። እሱ ዓይኑን ሳይገልጥ “መቼ እርጥብ ነበር?” አለኝ። ሕዝቡ “ተጫወት! ተጫወት!” እያለ ወንበር ይደበድብ ጀመር። እኔ አልተነሳሁም። እዚያ ፊልም ላይ ያለው ሰው ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከሱ ቀጥዬ መቆም አልፈለግሁም።

ወይዘሮ ሆልም ይህን ሁሉ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ያየችው አንድ ሽማግሌ ሲዘረፍ፣ ሌላው እቀብርሃለሁ ሲል፣ ሦስት መቶ ሰው ሲጮህ ነው። ለፖሊስ ደወለች። አልወቅሳትም።

ኮንስታብል ሲታሊ ከሌላ ባልደረባው ጋር 10፡15 ላይ ደረሰ። ሾንጋን ከተኛበት ሳያስነሳ “ይህ ሰው ምንህ ነው?” ብሎ ወደ እኔ እያመለከተ ጠየቀው። ሾንጋ “ባሪያዬ ነው” አለ። “እቀብርሃለሁ ብለኸዋል?” ሲለው “አዎ፤ ገናም እቀብረዋለሁ” አለ። ኮንስታብሉ ነገሩ ገብቶት ነበር፤ ከንፈሩን ነክሶ ነበር የሚጽፈው። ነገር ግን የውጭ አገር ሰው በስልክ አቤት ብላ መዝገብ ተከፍቷል። ወደ እኔ ዞሮ “አባባ፣ ይህን ሰው ያውቁታል? ምን ይላሉ?” አለኝ። ያኔ የቀልድ ዘመዴ ነው ብዬ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን የቀልድ ዘመድ በሰው ፊት ሲሰድብ ዝም አይባልም ብዬ “አላውቀውም፤ አይጥ በላ ሌባ ነው፣ ውሰዱት!” አልኩ። ሕዝቡ ሳቀ። ኮንስታብሉ ጻፈ። ወሰዱት። ሾንጋ በሩ ላይ ሲደርስ ኮፍያዬን አነሳና “በደንብ ጠብቄልሃለሁ!” አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

መሳቅ ያቆምኩት ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አልለቀቁትም ሲሉኝ ነው።

ዛሬ ከጠዋቱ 2፡30 ወደዚህ ጣቢያ መጣሁ። ወይዘሮ ሆልም በማለዳ ወደ አገሯ መብረሯን ሳጅን ሙቢታ ነገረችኝ፤ በስልክም አልተገኘችም። ሳጅኗ “አባባ፣ መዝገቡ ላይ የእርስዎ ቃል አለ። አላውቀውም፣ ሌባ ነው ይላል። እሱ ደግሞ ቃሉን አልሰጥም አለ። ሁለታችሁም ተናግራችሁ ካልዘጋሁት ነገ ፍርድ ቤት ነው” አለች። ራሷ ሎዚ ናት፤ የሎዚ የቀልድ ዘመድ ቶንጋ ነው። “የኔ ቶንጋ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን ወንዝ ውስጥ እጥለው ነበር” አለችኝ። ይህን አትጻፊ ብላት ጻፈችው።

ሾንጋን በፍርግርጉ በኩል አነጋገርኩት። ኮፍያዬ ራሱ ላይ አልነበረም፤ በኤግዚቢትነት ተወስዶበታል። ሲሚንቶ ላይ በማደሩ ጉልበቱ አብጦ ግድግዳ ይዞ ነው የቆመው። “ቃልህን ስጥና ውጣ፣ አንተ ሽማግሌ” አልኩት። “ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። ሰው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ወረቀት አይፈርምም። ጊታር አምጣ” አለኝ። “ነገ ፍርድ ቤት ሊወስዱህ ነው እኮ!” ስለው “ዳኛው ቤምባ ከሆነ እሱንም አስተኛዋለሁ” አለ። የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አይቀልድም ነበር።

በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን የመዘምራኑን ኃላፊ ለምኜ ቤዝ ጊታሩንና ትንሿን ድምፅ ማጉያ ተዋስኩ። ለሁለተኛው ቅዳሴ እንድመልስ ነግሮኛል። 3፡50 ላይ ተመለስኩ። ሳጅኗ የማጉያውን ገመድ ቃል መቀበያ ክፍሉ ሶኬት ላይ ሰካችልኝ። ግቢው ውስጥ፣ ለታሳሪ ዘመዶቻቸው የበቆሎ ገንፎ፣ ንሺማ ይዘው የመጡ ሴቶች ተራ እየጠበቁ ነበር። በባልዲ ላይ ተቀምጬ “ፈረቃው አልቋል”ን ተጫወትኩ።

መጀመሪያ አልሆነልኝም። ቆምኩና እንደገና ጀመርኩ። ሾንጋ ከውስጥ በጎድዊን ቦታ መዝፈን ጀመረ። ድምፁ እንደ ባቡር ፍሬን ነው፤ ድሮም እንደዚያው ነበር። ከንሺማ ተሸካሚዎቹ ሴቶች አንዷ፣ ዕድሜዋ ለእኔ የሚቀርብ፣ ሳህኗን መሬት አስቀምጣ ተቀበለችው። ሁለተኛው ዙር ላይ ዘፈኑን ሰምተውት የማያውቁ ታሳሪዎች ሁሉ ብረት እየመቱ ይከተሉ ነበር። ኮንስታብል ሲታሊ ቆሞ ሲያጨበጭብ አይቼዋለሁ፤ ይህን የምለው ለመክሰስ አይደለም።

ስጨርስ ሾንጋ ከውስጥ “አራት ቦታ ስተሃል፤ ቆጥሬአለሁ። ይሁን። ተቀብሯል!” አለ። ቀጥሎም ለሳጅኗ “አሁን ቃሌን ጻፊ ልጄ፤ ራበኝ” አላት። እሷም ጻፈች። ከእሱ ቀጥሎ የእኔን ነው አሁን የምትጽፈው።

ስለዚህ ትናንት ለኮንስታብል ሲታሊ አላውቀውም ያልኩት ሐሰት ነው፤ ለአርባ ሰባት ዓመት አውቀዋለሁ። ሌባ ነው ያልኩትም ሐሰት ነው። አይጥ ይበላል ያልኩት እውነት ስለሆነ እንዳለ ይቆይ። ጆሳም ሾንጋ አልደበደበኝም፣ አልዘረፈኝም፣ አላስፈራራኝም። በሱ ላይ አቤቱታ የለኝም። ዛሬውኑ እንዲለቀቅልኝ እጠይቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ይጨመርልኝ። እኔ ስሞት ይህ ሰው በሕይወት ካለ መጥቶ ጉድጓዴ ውስጥ ይተኛል። የሚጠይቀው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከባድ ነገር እንደሚሆን ግን አውቃለሁ። በዚያን ቀን አንድ እንግዳ ደንግጦ ለዚህ ጣቢያ ቢደውል ፖሊስ እንዳይመጣ፣ ቢመጣም ቆሞ እንዲጠብቅ፣ ይህ ቃሌ ከመዝገቡ ሳይነቀል ይቀመጥልኝ።

የተናገርኩት ተጽፎ ተነበበልኝ። ሁለት ቦታ አሳርሜአለሁ፤ የቀረው እንዳልኩት ነው። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አጸናለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ዳ. ካፓምፓ
የቃል ተቀባይዋ ፊርማ፦ ሳጅን ና. ሙቢታ

ማስታወሻ፦ በኤግዚቢትነት ተይዞ የነበረ አንድ ቡናማ ኮፍያ፣ ባለንብረቱ ምስክር “ለሱ ስጡት” በማለቱ ከቀኑ 5፡35 ላይ ለተጠርጣሪው ተሰጥቷል። ተጠርጣሪው ኮፍያውን አድርጎ፣ ድምፅ ማጉያውን ተሸክሞ፣ ከምስክሩ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል። መዝገቡ ተዘግቷል። ና.ሙ.