ከእንግዳ የተደበቀው አቮካዶ

ጋሽ ግዛቸው ቦንጋ ገበያ መጥረቢያቸውን አስሞርደው ሲመለሱ፣ ደጃፋቸው ላይ አንዲት ወጣት ቆማ አገኙ። አብርሆት ትባላለች፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ናት። የአቮካዶ ዝርያዎች በምን እንደሚለያዩ ለማወቅ ቅጠልና ፍሬ እየለካች ትመዘግባለች።

«ከየዛፉ አሥር አሥር ፍሬ ይፈቅዱልኛል፣ ጋሼ?» ስትል በትሕትና ጠየቀች።

ጋሽ ግዛቸው በእንግዳ አቀባበል አይታሙም። ከደጁ ዛፍ ግዙፍ ግዙፉን መርጠው ቅርጫት ሞሉላት። ስለ ጓሮው ዛፍ ግን ትንፍሽ አላሉም። እሱን ሟች ባለቤታቸው እትዬ ላቀች ከዋጫ ከተማ ባመጡት ዘር ነበር የተከሉት፤ ፍሬው ትንሽና ጥቁር ስለሆነ ሽማግሌው ያፍሩበታል። መጥረቢያውም የተሞረደው እሱን ለመቁረጥ ነው። ከዚህ በፊትም ሦስት ቅዳሜ አስሞርደው፣ ሦስቱንም ጊዜ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል።

«እነዚህ እኮ የተመረጡ ናቸው» አለች አብርሆት።

«ታዲያ ለእንግዳ ግርዱን ልስጥ? ነውር አይደለም?»

«ለሆዴ ቢሆን እጅ ነስቼ እቀበል ነበር። የምለካው ግን ዛፉን ነው። ምርጡን ብቻ ከሰጡኝ የእርስዎን ደግነት እንጂ የዛፉን ጠባይ አልጽፍም። ትንሹም ትልቁም እንዳለ ይምጣ። ከጣሪያው በላይ የሚታየው የጓሮው ዛፍም ጭምር።»

ቅር እያላቸው አወረዱላት። ፍሬው እስኪበስል ጥቂት ቀን ጠብቃ ተመለሰች። አብርሆት ርዝመቱንና ውፍረቱን ለካች፤ ከዚያ ዘሩንና ልጣጩን ለይታ እየመዘነች ቁጥሩን እሳቸው እንዲያነቡ አደረገች። ከደጁ ዛፍ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ዘርና ልጣጭ ሆኖ ተገኘ። ከጓሮው ግን ሦስት አራተኛው የሚበላ ነበር።

«ቢሆንም የደጁ ዓይን ይሞላል» ብለው ተከራከሩ።

«አልክድም፣ ጋሼ። ግን ገበያ ድረስ ተሸክመውት ከሚሄዱት ግማሹ የሚጣል ነው። እስቲ ይህን ይቅመሱት።»

ጋሽ ግዛቸው ቀመሱ። ቅቤ ነው።

«ላቀች አሥራ ሁለት ዓመት ‹እስቲ ቅመሱት› ስትለኝ ኖረች» አሉ። «እኔ ግን ሳልቀምስ አፈርኩባት።»

መጥረቢያው ወደ ማጀት ተመለሰ። በክረምቱ ከዚያ ዛፍ የተቆረጡ ቀንበጦች በአርባ ችግኞች ላይ ተሰክተውና ታስረው ተዳቀሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደረሰው፣ እስከ ደካ ከተማ ድረስ የተወሰደም አለ። ሰዎችም ለመትከል ፍሬ ሲመርጡ ከመጠኑ በፊት ውስጡን መመዘን ለመዱ፤ የሚጣለው ቀነሰ፣ የሚበላው በዛ። ጋሽ ግዛቸው ቤት እንግዳ ሲመጣ ዛሬ መጀመሪያ የሚቀርበው የጓሮው ነው። እሳቸውም ከጎን ቁጭ ብለው «እስቲ ቅመሱት» ይላሉ።