የሸተተው ሹራብ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ባለፈው ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ በመንገዳችን አንድ የተማሪ ሹራብ ሲጋራ ሲጋራ መሽተቱ ይታወቅ።

ይህን የምጽፈው የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት ነኝ። ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁም፤ ነገር ግን ኮፒ የማደርገውን ሁሉ ስለማነብ የተማርኩ ሰው ነኝ። ሕግ እስከ አንቀጽ አሥራ ሁለት ድረስ አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ባለጉዳዩ ይዞት ሄደ።

በዚያች ቅዳሜ አንዲት ወጣት ነርስ በራሪ ወረቀት ልታባዛ ቤቴ መጥታ ነበር። ርእሱ «ወጣቶችና ሱስ» ይላል። ማሽኑ እየሠራ እሷ ስልኳን ታያለች፣ እኔ ወረቀቱን አነባለሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ በሩ ተበርግዶ ጎረቤቴ ገባ፤ የልብስ እጥበት ቤቱ ባለቤት፣ የነርሷ አጎት። የሴት ልጁን ሹራብ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው ከራሱ አርቆ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሏል።

ሰፈሩ «አፍንጫው» ይለዋል። ልብስ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት አንድ በአንድ አሽትቶ ነው የሚለየው፤ ዘይት የነካው ለብቻ፣ ላብ የጠጣው ለብቻ። ተሳስቶ አያውቅም ይባላል። የሚለውም እሱ ነው።

«አሽትቺው» አላት ሰላም እንኳ ሳይላት።

ነርሷ አሸተተች። «ሲጋራ ነው፣ አጎቴ።»

«ይኸው፣ የተማረ ሰው መሰከረልኝ። ገና ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር የለም። ከዓይኔ ሥር ትቀመጣለች።»

«ተቀምጣ ምን ትሠራለች?»

«ምንም። አሁንም ወንበር ላይ አስቀምጫት ነው የመጣሁት። ምንም ነገር እንዳትነኪ ብያታለሁ።»

«ጠይቀዋታል ግን?»

«ምን ብዬ? ከመቼ ወዲህ ነው የሚያጨስ ሰው አጨሳለሁ የሚለው?»

እዚህ ላይ የማሽኑን ወረቀት ማስተካከል አስፈለገኝ።

«እኔን እዪኝ» ቀጠለ አፍንጫው፤ «ካቆምኩ ስምንት ዓመቴ። ኮፒው ምስክሬ ነው።»

«ምስክር ነኝ» አልኩ። እኔና እሱ በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ከእጥበት ቤቱ ጀርባ ሄደን የውኃ ማሞቂያውን ቦይለር የምናይ ሰዎች ስለሆንን ከእኔ የተሻለ ምስክር የለም። ያ ቦይለር ብዙ ክትትል ይፈልጋል።

ነርሷ ወንበር ስባ ለአጎቷ አቀረበችለት። ክርክሩ እንዲህ ተጀመረ፤ እኔም ሁለት ደንበኞችን «ቆይታችሁ ተመለሱ» ብዬ ሸኘሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይገኝም።

«አጎቴ፣ በዚህ ዕድሜ ስሜት ቀድሞ ይደርሳል፣ ማመዛዘን ገና መንገድ ላይ ነው። የሚያስደስት ነገር ከቀመሱ ቶሎ ይለምዱታል፤ በልጅነቱ የጀመረ ሰው ደግሞ ለማቆም በጣም ይቸገራል።»

«እኔስ ምን አልኩ! ለዚህ አይደል ወንበር ላይ ያስቀመጥኳት?»

«ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ የሚማረው ተደብቆ መውጣትን ነው። ጓደኛዋ እንኪ ሞክሪ ስትላት፣ እምቢ የምትልበት የራሷ ምክንያት ያስፈልጋታል። ሰው ይጠብቀኛል፣ እኔ ካልደረስኩ የሚበላሽ ነገር አለ የምትልበት። አሁን ምን አላት? ወንበር።»

«እና ሲጋራ ለሸተተች ልጅ ሽልማት ልስጥ?»

«ሽልማት አላልኩም። ካጎደለች የምትጠየቅበት ሥራ ይስጧት ነው የምለው። ሰባተኛውን ነጥብ ላንብብልዎት፤ ስልክም ራሱ ሱስ ሊሆን...» ስልኳ ጠራ። አየችው። እስክትጨርስ ጠበቅናት።

«ብታበላሽብኝስ?» አለ አፍንጫው። «የሰው ልብስ ነው።»

«እርስዎ ሥራ ሲጀምሩ ምንም አላቃጠሉም?»

«አንድ ሸሚዝ።»

«አንድ ብቻ?» አልኩት።

ዞር ብሎ ገላመጠኝ። «አንድ ሸሚዝና አንድ ቬሎ። ቬሎው ግን የተቃጠለው በኋላ በኩል ነው።»

«የሙሽራ ቬሎ?» አለች ነርሷ።

«የማን ሊሆን ኖሮ? ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር።»

«አሠሪዎ ምን አሉዎት?»

አፍንጫው ሹራቡን ጭኑ ላይ ዘረጋው፤ እጅጌውን አጠፈ፣ መልሶ ዘረጋው። «ይቀጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። በማግስቱ ካውያውን ራሱ አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። አሁን ካውያ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም አላቃጠልኩም።» «ሰውዬው እኮ እብድ ነበር» አለ። ድምፁ ግን ሰውን እብድ እንደሚል ሰው አልነበረም።

ነርሷ በራሪ ወረቀቱን አጥፋ ከጎኗ አስቀመጠች። ብልህ ልጅ ናት።

«እሺ» አለ አፍንጫው ብድግ ብሎ። «የኪስ ፍተሻውን እሰጣታለሁ።»

እኔ ሳልወድ ከወንበሬ ተነሣሁ። በዚያ ቤት ኪስ መፈተሽ ቀላል ነገር አይደለም። በልብስ ኪስ የተረሳ ነገር ሁሉ ወጥቶ በትንሽ ከረጢት ይገባል፤ ካርድ ላይ የባለቤቱ ስምና የዕቃው ዓይነት ይጻፍበታል፤ ከረጢቱ ከልብሱ ጋር ይታሰራል። ቤቱ በሰው የሚታመነው በዚህ ነው። እስከዚያች ቀን ከአፍንጫው በቀር ማንም የሰው ኪስ ገብቶ አያውቅም።

የለውጡን ጥቅም እዚህ ላይ ብገልጽ አንባቢ ቅር አይለውም። ልጅ የሚታመንበት ሥራ ሲያገኝ ቀኑ መልክ ይይዛል፤ የሚጠብቀው ሰው አለና ወዴትም ቢሄድ ይመለሳል፤ ሲሳሳት ያርማል እንጂ አይሸሽም። ወላጅም ከማሽተት ይገላገላል። ግማሹ ከበራሪ ወረቀቱ ነው፤ የመጨረሻው የራሴ ነው።

ሦስታችንም ልባችን ሞቆ መንገዱን ተሻገርን። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ነበረች፤ እጇን በብብቷ ሥር ከታ።

«ነይ» አላት አባቷ። እስክሪብቶውን፣ ካርዶቹንና ከረጢቶቹን አስረከባት። «የማንም ይሁን የማን አትዝለዪ። ያገኘሽውን ትጽፊያለሽ። ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ብቻ?»

«አንቺ ብቻ።»

ፊቷ በራ። እጅጌዋን ሰብስባ በአቅራቢያዋ ካለው ጀመረች፤ በሩ አጠገብ ሚስማሩ ላይ ከተንጠለጠለው የአባቷ የሥራ ካፖርት። የእሷም ሹራብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚሰቀለው እዚያው ሚስማር ላይ ነው።

ከቀኝ ኪሱ የተከፈተ የሲጋራ ፓኮ አወጣች። ከግራው ላይተር። ላይተሩ ላይ «ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት» የሚል አለበት፤ ሱቄን የከፈትኩ ጊዜ ለማስታወቂያ ያሳተምኩት ነው።

ሁለቱንም አየቻቸው። መዝለል እንደማይፈቀድ አስታውሳ ካርዱን ጻፈች፤ የእጅ ጽሑፏ ያምራል። «ላይተሩን በጋሼ ኮፒ ስም አድርጌዋለሁ» አለች። «አባዬ፣ ሲጋራው በማን ስም ይሁን?»

አፍንጫው ሹራቡን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ቀጥሎ ካፖርቱን። እንደገና ሹራቡን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አላት።

«አራተኛ ክፍል እያለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«ጋሼ ኮፒን ጠይቄያቸው ነበር። ቦይለሩን እያያችሁ ነው አሉኝ።»

የነርሷ ስልክ ጠራ። እጇ ወደ ኪሷ ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። ልጅቷም እንደ ሥራው ወግ አንድ ባዶ ከረጢት ዘረጋችላት። ነርሷ ጥቂት አየቻትና ስልኩን ከረጢቱ ውስጥ ከተተችው።

አፍንጫው ካርዱን ወሰደና ከሲጋራው ትይዩ የራሱን ስም ጻፈ። ከዚያ መዶሻ አንሥቶ ከማዶ ባለው ግድግዳ፣ ከካፖርቱ ርቆ፣ አዲስ ሚስማር መታ። ሹራቡን ራሱ አጥቦ ለሰኞ ትምህርት እዚያ ሰቀለው።

በዚያን ቀን ዐሥር ሰዓት ላይ ቦይለሩን ማንም አላየውም። ምንም አልሆነ።