የቢቸና በቅሎዎች ሁሉ ያነከሱበት ምክንያት

በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. በጥር መጨረሻ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄድ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ሳንቀጣጠር ተገናኝተን ሦስት ሰዎች ተጣብበን ተቀመጥን። አንዱ እኔ የቢቸና መምህር ነኝ። ሁለተኛው አዲስ አበባ የንግድ ትምህርት ተምሮ እናቱን ሊጠይቅ የመጣው ሣህለ ማርያም ነው። ሦስተኛው ግራዝማች ደምለው ነበሩ። ግራዝማች መኪና አጥብቀው ስለሚጠሉ፣ እዚያ መገኘታቸው ብቻ ክፉ ነገር እንደ ደረሰባቸው ይናገር ነበር።

«ግራዝማች፣ በቅሎዎ የት ሄዳ ነው በመኪና የሚንገላቱት?» አለ ሣህለ ማርያም።

«አነከሰች ልጄ። የኛዋ ብቻ መች ሆነና! የቢቸና በቅሎ ሁሉ አነከሰ። የሚመጣው ሳምንት እሑድ የልጄ የፋንታ ሠርግ ነው፤ ሙሽራዋ ያለችው ጉንደ ወይን ነው። አባቷ አለቃ አካለ ወልድ ‹ልጄ በበቅሎ ትወጣለች እንጂ ከጤፍ ጆንያ ጋር ተጭና አትሄድም፤ ከቀራችሁ ለሌላ ጠያቂ እሰጣለሁ› ብለዋል። ጠላው ተጠምቋል። በቅሎ ፍለጋ ሞጣ መሄዴ ነው።»

እኔ የበሽታውን ምንጭ ስለማውቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም አገሩ ሁሉ ስለሚጋባ የበቅሎ ኪራይ በእጥፍ ይወጣል። ዘንድሮ ግራዝማች ‹ይህ ግፍ ነው› ብለው ሽማግሌዎችን ሰበሰቡና የጥር ኪራይ ከሐምሌው እንዳይበልጥ፣ ያስበለጠም እንዲቀጣ አስወሰኑ። የእግር በሽታው የገባው በማግስቱ ነበር።

«በሽታው ሞጣም ገብቷል?» አለ ሣህለ ማርያም።

«የለም፣ ሞጣ ደኅና ነው ይላሉ።»

«እንግዲያው የሽማግሌ ውሳኔ ሰምቶ የሚመጣ በሽታ ነው።»

«ትቀልዳለህ» አሉ ግራዝማች ኩታቸውን እየሰበሰቡ። «በሐምሌ በሁለት ብር የምትከራይ በቅሎ በጥር አራት ብር የምትሆነው እግር ጨምራ ነው?»

«እግርማ አልጨመረችም፤ ፈላጊዋ ጨመረ እንጂ። ዋጋ ነጋሪት ነው፣ ግራዝማች። ‹ቢቸና በቅሎ አንሷል› ብሎ ይጎሰማል። የጉንደ ወይን ባለበቅሎ ሰምቶ ይመጣል፤ ያልቸኮለውም ሠርጉን ወደ ማክሰኞ ያዞራል። እርስዎ ነጋሪቱን ቀደዱት፤ በቅሎው ግን በዚያ አልበዛም።»

«ድሃውስ? ለድሃው ማን ይዘንለት?»

«ድሃው አሁን በሁለት ብር የማትገኝ በቅሎ አለችው። ማዘንስ ደግ ነው፤ ግን ከራስዎ ኪስ ይዘኑለት እንጂ ከባለበቅሎው ኪስ አይዘኑለት።»

ሾፌሩ ሳቁን መያዝ አቅቶት መኪናው ጉድጓድ ገባ። ግራዝማች ራሳቸውን እያሹ ተቆጡ። «ባለበቅሎማ ስግብግብ ነው። ‹በቅሎ ገመድ በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች› እንዲሉ፣ አራቱን ብር ሲመኝ ሁለቱንም ያጣል። በእኔ ቤት ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ባንቺዓለም በቅሎዋን በሞቀ የጨው ውኃ ስታሽ ሰንብታ፣ ሲብስባት ወንድሟ ዘንድ ላከቻት።»

ወይዘሮ ባንቺዓለም ባለቤታቸው ናቸው፤ በቅሎዋም ከአባታቸው ቤት ያመጧት ናት።

ሞጣ ገበያ ዳር ስንደርስ የሚከራዩ በቅሎዎች ተደርድረው አገኘን። ከሁሉም የምታምረው መጣብሯን፣ የሠርግ ጌጧን፣ የለበሰች ዳማ በቅሎ ነበረች። ልጓሟን የያዘው ሰው ግራዝማችን ሲያይ ከኋላዋ ሊሸሸግ ሞከረ፤ እሷ ግን ጆሮዋን አቁማ በደኅና እግሯ ወደ ጌታዋ ሄደች። ሰውዬው የወይዘሮ ባንቺዓለም ወንድም ጓዴ ነበር።

«ጓዴ፣ ይህች በቅሎ አነከሰች አልተባለም?»

«ቢቸና ላይ ነው የምታነክሰው፣ ግራዝማች። ጉንደ ወይንን ስታልፍ ይሻላታል።»

«እነዚህስ?»

«ግማሾቹን ያውቋቸዋል፤ የጎረቤቶችዎ ናቸው።»

ግራዝማች አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እውነቱን ለመናገር በጣም አዘንኩላቸው። «ለካ ገመዱን የበጠስኩት እኔ ነኝ» አሉና መሳቅ ጀመሩ። «እንግዲህ ምን ይሻላል፣ ልጄ?»

«ከሞጣ በቅሎ አይለምኑ። ውሳኔውን ያንሡ፤ በቅሎው ራሱ ይመጣል።»

ተመልሰው አነሡት። በማግስቱ የቢቸና በቅሎ ሁሉ ተፈወሰ። ኪራዩ መጀመሪያ እስከ አምስት ብር ወጣ፤ ወሬው ሲሰማ የጉንደ ወይን ባለበቅሎዎች መጡና ሦስት ብር ላይ ረጋ። ያልቸኮሉት ማክሰኞን መረጡ፤ ግራዝማችም ለአንድ ወላጅ አልባ ሙሽራ ከራሳቸው ኪስ በቅሎ ተከራዩለት። ዋጋን በቁጣ የሚያስር ሰው ዕቃውን እንደሚያሸሽ፣ ድሃን መርዳት የሚሻም በገዛ ገንዘቡ ቢረዳ እንደሚሻል ቢቸና ከዚህ ተማረች።

ግራዝማች ግን አንድ ትምህርት ቀርቷቸው ነበር። ቅዳሜ ዕለት ባለቤታቸውን «ባንቺዓለም፣ ነገ በቅሎዋን ለፋንታ እፈልጋታለሁ» አሏቸው።

«መልካም፣ ግራዝማች። ሦስት ብር ነው።»

«ለገዛ ልጅሽ? በሐምሌው ዋጋ አታደርጊልኝም?»

ወይዘሮ ባንቺዓለም ጎንበስ ብለው የበቅሎዋን እግር በኀዘን ተመለከቱ። «በሐምሌው ዋጋስ ከሆነ፣ ይህች እግር ገና አልዳነችም» አሉ።

ግራዝማች ከፈሉ። እሑድ ማታ ፋንታ ሙሽራዋን ይዞ ሲገባ፣ በቅሎዋ አንድ ጊዜ እንኳ አላነከሰችም።