ከጥሩወርቅ ጋር የተወዳደርሁበት ድረ ገጽ

ወረታ ላይ ድረ ገጽ የምንሠራው እኔና ጥሩወርቅ ነን። አብረን ነው የተማርነው፤ ሥራ ግን እንሻማለን። አንድ የፎገራ ሩዝ አምራቾች ማኅበር «ሁለታችሁም ሠርታችሁ አሳዩን፣ እንመርጣለን» ሲለን፣ እኔ ገና ብቅ ያለ፣ በነፃ የሚገኝ፣ ማንም ገብቶ ሊያሻሽለው የሚችል የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ያዝሁ። የሚያወጣው ገጽ መልኩ ልብ ይሰርቃል። ታዲያ መሥሪያው በታደሰ ቁጥር ትናንት የሠራሁት ዛሬ ይፈርሳል፤ የአማርኛው ፊደል ባዶ ሳጥን ይሆንብኛል። ሠሪዎቹን በኢንተርኔት ብጠይቃቸው፣ «ያ ክፍል ገና አላለቀም፤ ከቻልህ አንተው ሠርተህ ላክልን» አሉኝ። ጥሩወርቅ ደግሞ ሁሉም በሚያውቀው በድሮው መሥሪያ ቶሎ ጨርሳ ገበያ ትወጣለች። ስታልፍ ባየኋት ቁጥር እቀናባታለሁ።

የማሳያው ዕለት ሊቀ መንበሩ ጋሸ ፈንቴ ስልካቸውን አወጡ። የሷ ገጽ ወዲያው ተከፈተ። የኔው ግን ነጭ ሆኖ ቀረ። ስልኩን አዘንበል አድርገው አዩና፣ «ልጄ፣ ያንተውስ የታለ?» አሉኝ።

«መሥሪያው ጠዋት ታድሶ ነው» አልኋቸው።

«መታደሱስ ደግ ነበር» አሉና ሥራውን ለሷ ሰጡ።

ስንወጣ ጥሩወርቅ ተከትላኝ መጣች። «ባለፈው ላፕቶፕህ ላይ ሳየው እኮ ቀንቼብህ ነበር። የኔ ካንተው ጎን ሲታይ አስቀያሚ ነው» አለችኝ። ወግ ቢሆን «አይደለም» ማለት ነበረብኝ። «እውነትሽን ነው፣ አስቀያሚ ነው» አልኋት፤ ያን ቀን ደስ ያለኝ ይህን ስላት ብቻ ነው።