ለጤናሽ ብዬ ነው

ኩዌት ውስጥ ነን፤ አውቶቡሱ ከሚርቃብ ወደ ፋሐሂል እየሄደ ነው። ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ሽቦ የመሰለ ጥቅል ከቦርሳዋ አውጥታ አየችና «ምን ዋጋ አለው!» አለች በአማርኛ። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ዞር አለ።

«ስታኞ ነው እንዴ እህቴ፣ ሽቦ መበየጃው? ትበይጃለሽ?»

«ለራሴ ነው። ማዳም የጣለቻቸውን ሬዲዮኖች ክፍሌ ውስጥ እጠግናለሁ። ደስ ይለኛል።»

«ጎበዝ! ታዲያ ምነው ከፋሽ?»

«እርሳስ የተቀላቀለበትን ስታኞ ነበር የፈለግኩት። ይሄ የለበትም፤ የኔ መበየጃ ደካማ ስለሆነ አያቀልጠውም። በባዶ እጄ ከምመለስ ብዬ ነው የገዛሁት።»

«ያኛው ጠፋ?»

«መደርደሪያው ላይ አይቼዋለሁ። ባለሱቁ ነው የከለከለኝ። ‹እርሳስ መርዝ ነው፣ ለጤናሽ ብዬ ነው› አለኝ።»

«ፋርዋኒያ ሰፈር ያሉትን ሱቆች ብትሞክሪ አታጪም።»

«በወር አንዴ ነው የምወጣው። ዛሬን ጨረስኳት።»

«ቢሆንም ሰውዬው አዝኖልሽ ነው።»

«አዝኖልኝ? ኮሮና ከገባ ጀምሮ ማዳም ክሎሩን ከአሲድ ጋር እያስደባለቀች፣ በር ተዘግቶብኝ መታጠቢያ ቤቱን አጥባለሁ። ‹ለጤናችን ነው› ትላለች።»

«ውይ! አያፍንሽም?»

«ያቃጥለኛል እንጂ አይሸተኝም። ባለሱቁ ደግሞ ‹ጭሱን እንዳታሸቺ› ይለኛል። እኔ ማሽተት ካቆምኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው!»

«ከኮሮናው ነው ከክሎሩ?»

«ማን መርምሮኝ?»

እኔስ ይሸተኝ ይሆን ብዬ ማስኬን ዝቅ አደረግኩና የገዛ ጣቶቼን አሸተትኩ።