በፕላስተር የተሸፈነችው መብራት

ማክሰኞ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ከጎረቤቴ ግቢ ክርክር ሰማሁ። የሰው ክርክር ቆሞ ማዳመጥ ነውር ነው፤ ነገር ግን ዕድሜዬን በአስተማሪነት የጨረስኩ ሰው ነኝና ክርክር ሰምቼ ማለፍ አይሆንልኝም። "ደህና አደራችሁ?" ብዬ ዘው አልኩ።

ጎረቤቴን ሰፈሩ "ጋሼ ተረከዝ" ይላቸዋል። የከባድ መኪና ሾፌር ሳሉ የጎማ ንፋስ የሚለኩት በተረከዛቸው እየመቱ ነበር፤ ዛሬም የቆመ መኪና ካዩ ሳይመቱ አያልፉም። አሁን የሚነዱት መሐንዲሷ ልጃቸው የሰጠቻቸውን የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ባለቤታቸው እትዬ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ግራ ዐይናቸው ከጠፋ ሰንብቷል፤ ቀኙ በዋዜማው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ታሽጓል። የሚከፈተው ያን ጠዋት ነው፤ ሐኪም ቤቱም ከረጅሙ ቁልቁለት ማዶ ነው።

"አባባ፣ ይህን ፕላስተር ዳሽቦርዱ ላይ ማን ለጠፈው?" አለች ልጅቱ።

"እኔ ነኝ። ከእናትሽ መድኃኒት የተረፈ ነው። ቢጫዋ መብራት ጎማህ ንፋስ ጎደለው እያለች ፈጠጠችብኝ። ወርጄ መታሁት፣ ድንጋይ ነው! እኔን፣ በዚህ ተረከዝ ስንቱን ገደል የወረድኩትን ሰውዬ፣ መብራት ስለ ጎማ ታስተምረኝ?"

አንባቢዬ አይፍረዱባቸው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተማመነበትን ነገር በአንድ ጠዋት ጣል ቢሉት ያመዋል።

"እኛን ያሳደገን ያ ተረከዝ ነው፤ እንዴት እንቀዋለሁ?" አለች ልጅቱ ለስለስ ብላ። "ግን ይህ መኪና ሆዱ ሙሉ ባትሪ ነው፣ ከባድ ነው። ጎማውም ጠንካራ ስለሆነ ንፋሱ ቢጎድል በእርግጫ አይታወቅም።"

"ታዲያ ድሮ በምን ተኖረ?"

"ድሮማ በየቆሙበት ወርደው ያዩ ነበር። አሁን ይወርዳሉ?"

ጋሼ ተረከዝ ጉልበታቸውን ዳበስ አደረጉ። "ጉልበቴ መች እሺ ይለኛል።"

"ሰሞኑን ደግሞ ቻርጁ ቶሎ አለቀ እያሉ ባትሪውን ያሙታል። ንፋሱ የጎደለ ጎማ መሬት ላይ ይንጣለላል፤ ሞተሩ ያንን ሁሉ እየጎተተ ሲሄድ ባትሪው ምን ያድርግ?"

"እህ! እኔ ደግሞ ባትሪው ሰነፈ ብዬ!" አሉና ወዲያው እልሃቸው ተመለሰ። "በይ ተይን፣ ቀጠሯችን ደርሷል። ደግሞ የምትበራው ጠዋት በብርድ ነው፤ ትንሽ ስነዳ በራሷ ትጠፋለች።"

"ሲነዱ የምትጠፋው ጎማው ስለጋለ ነው እንጂ ስለዳነ አይደለም። ቁልቁለት ላይ ከልክ በላይ ግሎ ቢፈነዳስ? ቅያሪ ጎማ እንኳ የለንም።"

"አፍሽን በቁራጭ ጨርቅ አብሺ! ምን ነው ጠዋት በማለዳ ሟርት!"

ይህን ጊዜ እትዬ እጃቸውን ዘርግተው የባላቸውን ክንድ ፈለጉ።

"አንተ፣ የኔም እንዲሁ ነበር የጀመረው" አሉ። "ጠዋት ጠዋት ይጋርደኛል፣ ቀን ይለቀኛል። 'ድካም ነው' አልከኝ፤ አመንኩህ። ክፉ አስበህ አይደለም፣ እንዳልፈራ ብለህ ነው። ግን ግራ ዐይኔ በዚያው ሄደ። ሐኪሙም 'ምነው ቀደም ብለው ቢመጡ' አለኝ። ዛሬ አጠገብህ ተቀምጬ ምንም አላይም፤ የምታይልኝ አንተ ነህ። ያቺን መብራት ሸፍነህ በምን ታይልኛለህ?"

ጋሼ ተረከዝ ፕላስተሩን በጥፍራቸው ፍቀው ላጡት። "ይቅር በይኝ" አሏቸው። ለጎማው ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም ገባን።

ልጅቱ ለሐኪም ቤቱ ደውላ እንደምንዘገይ ነገረች። እኔም ዳቦዬን ረስቼ ከኋላ ገባሁ። ቀስ ብለን መንገዱ ጫፍ ያለው ጎሚስታ ዘንድ ደረስን። የሚያስፈልገው የንፋስ ልክ በሾፌሩ በር ውስጥ ተለጥፎ ኖሯል፤ ጎሚስታው ያንን እያየ ሲለካ ከኋላ ጎማዎች የአንዱ ንፋስ በሩብ ያህል ጎድሏል። ውኃ ሲያፈስበት አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ፤ ምስማር ነው! ጋሼ ተረከዝ ምስማሩን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ ወደ ቁልቁለቱ ተመለከቱ። "ተረከዜ ዋሸኝ" አሉ።

ጎማው ተደፍኖ፣ ሌሎቹም ተሞልተው ጉዞ ጀመርን። "መብራቷ ትንሽ እንደሄድን ትጠፋለች፤ ከተመለሰች ግን አሁንም የሚያፈስ አለ ማለት ነው" ብላ ልጅቱ አስጠነቀቀች። መብራቷም ቁልቁለቱን ሳንጀምር ጠፋች፤ በሰላምም ደረስን።

ዛሬ ቻርጁ እንደ ልባቸው ያደርሳቸዋል፣ ጎማውም ያለ ጊዜው አይበላም፣ ልጅቱም ቢሮዋ ስትውል ልቧ አይንጠለጠልም። ከሁሉ በላይ ጋሼ ተረከዝ "ድካም ነው" የሚለውን ቃል ትተዋል፤ ጎረቤት አመመኝ ካለ "ሂድ ታይ!" ብለው ያፈጡበታል።

እሑድ ጠዋት በመስኮቴ አያቸዋለሁ። ጋሼ ተረከዝ በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው መለኪያውን ጎማው ላይ ይሰካሉ። ጎንበስ ብለው ቁጥሩን የሚያነቡላቸው ግን እትዬ ናቸው።